ከ150 ሠራተኞች መዋጮ እስከ ልጃችን የኩፓት ሆሊም ካርድ



በቅርቡ ወደ እስራኤል የገባችሁ ወገኖቻችን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስንት ወረቀት እንደፈረማችሁ እናንተው ታውቁታላችሁ። የቴውዳት ዜሁት አለ፣ የባንክ አለ፣ የኡልፓን አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። ከእነዚህ መካከል አንዱ ወረቀት የኩፓት ሆሊም መመዝገቢያ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ወረቀት የፈረምነው ተርጓሚው «እዚህ ጋ ፈርሙ» ስላለን ብቻ ነው። ምን እንደፈረምን፣ ምን መብት እንዳገኘንበት፣ ለልጆቻችንስ ምን እንደሚያስገኝ ያወቅነው ቆይተን፣ አንዳንዴም ከተቸገርን በኋላ ነው።

ስለሆነም በዛሬው ጽሑፍ የዚያን ወረቀት ታሪክ ልንነግራችሁ አስበናል። ታሪኩን ማወቅ የሚጠቅመው በሚከተለው ምክንያት ነው። አንድ ሰው የተሰጠው ነገር ከየት እንደመጣ ካላወቀ ምጽዋት ይመስለዋል። ምጽዋት የመሰለውን ነገር ደግሞ ለመጠየቅ ያፍራል። የልጅ ሕክምና ግን የሚታፈርበት ነገር አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።)

በመዋጮ የተጀመረ ነገር

ዘመኑ 1911 ነው። ይህች አገር ገና በቱርኮች አገዛዝ ሥር ነበረች። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ወጣት አይሁዳውያን በፔታህ ቲክቫና በአካባቢዋ ባሉ የብርቱካን እርሻዎች በቀን ሥራ ይተዳደሩ ነበር። አብዛኞቹ አባት እናታቸውን ትተው ብቻቸውን የመጡ ናቸው። ወባው ብርቱ ነበር። የታመመ ሠራተኛ የቀን ደሞዙ ይቀራል፤ ደሞዙ ከቀረ ደግሞ የሐኪም ዋጋ ከየት ያመጣል?

በዚያ ዓመት አንድ ሠራተኛ በእርሻ ሥራ ላይ ሳለ በደረሰበት አደጋ እጁን አጣ ይባላል። የሚያስታምመው ዘመድ፣ የሚያሳክመው ገንዘብ አልነበረውም። ይህን ያዩ ጓደኞቹ በይሁዳ አውራጃ የእርሻ ሠራተኞች ጉባኤ ላይ ተመካክረው እያንዳንዱ ከደሞዙ ጥቂት እያዋጣ የታመመ የሚታከምበት ገንዘብ ለማቋቋም ወሰኑ። የመጀመሪያዎቹ አባላት 150 ያህል ነበሩ። ከሐሳቡ አፍላቂዎች አንዱ ኋላ በሠራተኛው ንቅናቄ ታላቅ ስም ያተረፈው በርል ካጽኔልሶን ነው። «ኩፓት ሆሊም» ማለትም በቀጥታ «የሕሙማን ሣጥን» ማለት ነው።

ይህን ስትሰሙ በአገር ቤት የነበረው እድር ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም። ነገሩ አንድ ነው። ጤነኛው ለታመመው፣ ያለው ለሌለው ያዋጣል፤ ነገ ተራው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ልዩነቱ የእኛ እድር የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ለቀብሩና ለለቅሶው ሲሆን፣ ይህኛው ግን ሰው ሳይሞት እንዲደርስ የተቋቋመ መሆኑ ነው።

በ1920 የሠራተኞች ማኅበር ሂስታድሩት በሃይፋ ሲመሠረት ይህ የሕሙማን ሣጥን በእርሱ ሥር ገባ። ዛሬ «ክላሊት» የምንለው ድርጅት ይኸው ነው። ሌሎቹም ተራ በተራ መጡ፤ ሌኡሚት በ1933፣ ማካቢ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ መኡሔዴት ደግሞ ሁለት አነስተኛ ድርጅቶች ተዋህደው በ1974 ተቋቋሙ። አራቱም እስከ ዛሬ አሉ።

በዚሁ ዘመን ለሕፃናት ብቻ የታሰበ ሌላ ሥራም ተጀምሮ ነበር። ሄንሪታ ሶልድ የምትባል ሴት በ1912 በኒው ዮርክ የሐዳሳን የሴቶች ማኅበር አቋቋመች፤ በ1913 ማኅበሩ ሁለት ነርሶችን ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። ከዚያም በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሆኑ ጣቢያዎች ተከፈቱ። ለሕፃናት ንጹሕ ወተት ያድሉ ስለነበር «ቲፓት ሃላቭ» ማለትም «የወተት ጠብታ» ተባሉ። ዛሬ ልጆቻችሁን የምታስከትቡበት ቤት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

አባል ያልሆነ የት ይሂድ?

በ1948 መንግሥት ሲቋቋም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ ወደ 700,000 የሚጠጋ ስደተኛ ገባ፤ የአይሁዱ ሕዝብ ቁጥር እጥፍ ሆነ። ብዙዎቹ ማአባራ በሚባሉት የድንኳንና የቆርቆሮ ሰፈሮች ይኖሩ ነበር። መንግሥት በ1953 ትምህርት ቤቶችን በአንድ ሕግ ሥር አደረገ። በዚያው ዓመት የቢቱአህ ሌኡሚ ሕግ ወጥቶ በ1954 ሥራ ላይ ዋለ። ሕክምናው ግን እንደ ድሮው በድርጅቶቹ እጅ ቀረ።

ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱ ፖለቲካ ነበር። በክላሊት መታከም የሚፈልግ የሂስታድሩት አባል መሆን ነበረበት። ከ1937 ጀምሮ የማኅበሩም የሕክምናውም ክፍያ «ማስ አሒድ» በሚባል በአንድ መዋጮ ይሰበሰብ ነበር። ስለዚህ ሕክምናው ለማኅበሩ አባል ማምጫ፣ ማኅበሩም ለፓርቲው ኃይል ነበርና ማንም በቀላሉ ሊለቀው አልወደደም።

ይህ አሠራር ለብዙ ሰው ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ጉድለቱ ግን ሦስት ነበር።

አንደኛ፣ ድርጅቱ የሚመጣውን ሰው የመምረጥ ሥልጣን ነበረው። ዕድሜው የገፋ ወይም ሕመም ያለበት ሰው ሲመጣ አንቀበልም ማለት ይችል ነበር። በዚህ የተነሣ ወጣትና ጤነኛ፣ ገቢውም ደህና የሆነው ወደ ትናንሾቹ ድርጅቶች ሲሄድ ሽማግሌውና ድሀው በክላሊት ላይ ተከማቸ፤ ክላሊትም በዕዳ ተያዘ።

ሁለተኛ፣ መዋጮ ያልከፈለ ሰው አባልነቱ ይቋረጥ ነበር።

ሦስተኛውና ለእኛ ጉዳይ ዋነኛው፣ ልጅ የወላጁን ዕጣ ይከተል ነበር። አባት ሥራ ፈቶ መዋጮው ሲቋረጥ ልጅም አብሮ ያለ ዋስትና ሊቀር ይችላል። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ትኩሳቱ ግን ሥራ ያለው አባትና ሥራ የሌለው አባት አይለይም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ ወደ አምስት የሚጠጋው ምንም የጤና መድን አልነበረውም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ድሆችና የአረብ ዜጎች ነበሩ። ከመቶ አምስት ጥቂት ይመስል ይሆናል፤ በሰው ሲቆጠር ግን ከ200,000 በላይ ነፍስ ማለት ነው።

የ1994ቱ ሕግ

በ1980ዎቹ የሕክምናው አገልግሎት እየተናጋ ሄደ። በ1983 ሐኪሞች አራት ወር ገደማ አድማ መቱ። ዕዳው በዛ፣ ወረፋው ረዘመ። በ1988 መንግሥት በከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ በሾሻና ኔታንያሁ የሚመራ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1990 ባቀረበው ዘገባ ለነዋሪው ሁሉ በሕግ የተረጋገጠ የጤና መድን ይኑር ሲል አሳሰበ።

ሐሳቡን ወደ ሕግ ለማድረስ የታገለው የጤና ሚኒስትሩ ሐይም ራሞን ነበር። የራሱ ፓርቲና ሂስታድሩት ስለተቃወሙት በፌብሩዋሪ 1994 ሥልጣኑን ለቀቀ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በሜይ ወር ለሂስታድሩት መሪነት ተወዳድሮ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ሕጉን የሚያቆመው አልተገኘም። በጁን 15 ቀን 1994 በክኔሴት ጸደቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ።

ሕጉ በፍትሕ፣ በእኩልነትና በመረዳዳት ላይ የተመሠረተ እንደሆነ በመግቢያው ይናገራል። ዋና ዋና ነጥቦቹን በቀላል ቋንቋ እናስቀምጥላችሁ።

የእስራኤል ነዋሪ የሆነ ሁሉ፣ ሕፃንም ሽማግሌም፣ የጤና መድን መብት አለው።

አራቱም ኩፓት ሆሊም የመጣውን ነዋሪ ሁሉ የመቀበል ግዴታ አለባቸው። ዕድሜውን፣ ሕመሙን፣ ገንዘቡን አይተው መመለስ አይችሉም። የየትኛውም ማኅበር አባል መሆን አይጠየቅም።

መዋጮውን የሚሰበስበው ቢቱአህ ሌኡሚ ነው እንጂ ኩፓት ሆሊሙ አይደለም። መጠኑ በገቢ ልክ ነው። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መዋጮ አይከፈልም። የተሰበሰበው ገንዘብ ለአራቱ ድርጅቶች የሚከፋፈለው በአባሎቻቸው ብዛትና ዕድሜ ነው። ብዙ ሕክምና ለሚያስፈልገው ሽማግሌ ከወጣቱ የበለጠ ስለሚሰጣቸው ሽማግሌውን የሚሸሹበት ምክንያት ቀነሰ።

ሁሉም ድርጅቶች እኩል የሚሰጡት የአገልግሎት ዝርዝር አለ፤ «ሳል ብሪኡት» ይባላል፣ የጤና ቅርጫት ማለት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ እጅግ አስፈላጊ ስለሆነ ደግማችሁ አንብቡት። መዋጮ ባለመከፈሉ ምክንያት ሕክምና አይከለከልም። ዕዳ ቢኖር ቢቱአህ ሌኡሚ ከባለዕዳው በራሱ መንገድ ይጠይቃል፤ ልጁ ግን ይታከማል።

የእኛ ሰዎችና ሐኪም ቤቱ

ከእኛ ወገን ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ሰው በሱዳን በኩል ገባ። በሜይ 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ከዘመቻው በፊት በአዲስ አበባ ስንጠብቅ በነበረበት ጊዜ በኩፍኝና በሌላም በሽታ ብዙ ሕፃናት እንደረገፉ የምታስታውሱ አላችሁ። የጆይንት ድርጅት ክሊኒክ ከፍቶ፣ ልጆችን አስከትቦ፣ ከራሳችን መካከል የተመረጡ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የታመመ እንዲፈልጉ ካደረገ በኋላ ሞቱ በጣም ቀነሰ። የቤት ለቤቱን ነገር አትርሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሕጉ በ1995 ሥራ ላይ ሲውል እኔ በሰሎሞን ዘመቻ የመጣሁ ልጅ ነበርሁ። ከቤታችን ዕብራይስጥ ቀድሞ የገባኝ እኔ ስለነበርሁ የእናቴ አስተርጓሚ እኔው ነኝ። አንድ ቀን እናቴ ሐኪሙ ፊት ተቀምጣ «ልቤን ያቃጥለኛል» አለች። እኔም ቃል በቃል «ልቧ ይቃጠላል» ብዬ ተረጎምሁ። ሐኪሙ ደንግጦ ለልብ ምርመራ ላካት። እናቴ የተናገረችው ግን ስለ ቃር ነበር፤ ከጨጓራዋ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በቤታችን «እናታችን ልትሞት ነው» እያልን ሳንተኛ ከረምን። እናቴም ሌላ የሴት ሕመም ነበረባት፤ ያንን በልጇ አፍ ልትናገር አልቻለችም፤ ለዓመታት ደብቃ ኖረች።

ይህን የምነግራችሁ ሐኪሙን ለመውቀስ አይደለም። ካርዱ በእጃችን ነበር፤ ሕጉም ከእኛ ጋር ነበር። ምዝገባ በሩን ይከፍታል፤ ከበሩ ወዲያ ግን ቋንቋ አለ፣ መተማመንም አለ።

መተማመኑም ተፈትኗል። በጃንዋሪ 1996 ከእኛ ወገን የተለገሰ ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር በጋዜጣ ሲወጣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝባችን በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጣ። መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚሽን አቋቁሞ ጉዳዩን መረመረ። ከዚያ በኋላ «እነርሱ ዘንድ ምን ልታከም እሄዳለሁ» ያሉ ታላላቆቻችን ብዙ ነበሩ፤ ቁጣቸው እውነት ነበር። ነገር ግን ከሐኪም ቤት መራቁ የጎዳው እኛኑና ልጆቻችንን ነው።

በ1998 «ረፉአ ሽሌማ» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። የእኛን ቋንቋና ባህል የሚያውቁ «መጋሽሪም» ማለትም አገናኞች ሠልጥነው በክሊኒኮች ተመደቡ። አገናኙ ቃል ብቻ አይተረጉምም፤ ልብ ሲባል ጨጓራ መሆኑን ያውቃል። ይህ በአዲስ አበባ ከታየው ከዚያ የቤት ለቤት ሥራ ጋር አንድ ነው፤ ከራስ መካከል የወጣ ሰው ሲጠይቅ የታመመው ይናገራል። በ2011 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የሕክምና ተቋማት ሁሉ ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋና በባህሉ መሠረት አገልግሎት እንዲሰጡ መመሪያ አወጣ። ስለዚህ ዛሬ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ለትርጉም መውሰድ አይገባችሁም። «ቱርጌማን አማሪት» ብላችሁ ጠይቁ።

ምዝገባው እንዴት እየቀለለ መጣ

ሕጉ እንደወጣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የድርጅቶቹ ወኪሎች ሰው ለማስመዝገብ ይሻሙ ነበር። ስጦታ ይዘው የሚዞሩም ነበሩ። ሳያውቀው ከአንዱ ኩፓት ሆሊም ወደ ሌላው ተዛውሮ የተገኘ ሰውም አለ። በዚህ ምክንያት ምዝገባውና ዝውውሩ ከድርጅቶቹ እጅ ወጥቶ ወደ ፖስታ ቤት ተወሰደ። ኋላም በኢንተርኔት ማድረግ ተቻለ። አዲስ ገቢ ደግሞ ገና በቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ሳለ መርጦ መመዝገብ ይችላል። በዚያ ያልተመዘገበ በፖስታ ቤት ይመዘገባል።

እዚህ አገር የሚወለድ ሕፃን ወላጆቹ ሌላ ካልመረጡ በእናቱ ኩፓት ሆሊም በቀጥታ ይመዘገባል። ወረፋ የለም፣ ማመልከቻ የለም። የሥራ አጥ ልጅም የሀብታም ልጅም በአንድ መንገድ ይገባሉ። በአሮጌው ዘመን ከነበረው ጋር ስታስተያዩት ለውጡ ይታያችኋል።

ከጎንደር የመጣችሁ አንዳንዶቻችሁ ከ2011 ወዲህ በኢትዮጵያ የተጀመረውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ታውቁት ይሆናል። እዚያ መዋጮው በየዓመቱ ተከፍሎ ደብተሩ ይታደሳል። እዚህ ግን በየዓመቱ ማደስ የለም። አንዴ የተመዘገበ ቤተሰብ ነዋሪ እስከሆነ ድረስ እንደተመዘገበ ይቆያል።

ለልጆች የሚሰጠውም እየሰፋ ሄዷል። በመጀመሪያ የልጆች የጥርስ ሕክምና በቅርጫቱ ውስጥ አልነበረም። በ2010 ለትናንሽ ልጆች ተጀመረ፤ ዕድሜው ቀስ በቀስ እየጨመረ ከ2019 ጀምሮ እስከ 18 ዓመት ላሉት ሁሉ ሆነ። የጥርስ ሕመም ያለበትን ልጅ «ገንዘብ እስክናገኝ» ብላችሁ አታቆዩት።

የነዋሪነት ፈቃድ ለሌላቸው ቤተሰቦችም አንድ ቃል እንጨምር። የ1994ቱ ሕግ የሚመለከተው ነዋሪን ነው። ነገር ግን በ2001 የጤና ሚኒስቴር ባወጣው አሠራር ወላጆቻቸው ነዋሪ ያልሆኑ ልጆችም በወር ክፍያ በኩፓት ሆሊም በኩል መድን እንዲያገኙ ተደርጓል። ልጅ ከመታመሙ በፊት ጠይቁ።

አሁን ምን እናድርግ?

ባለፈው ጊዜ በአንድ መርከዝ ክሊታ የምትኖር እናት አገኘሁ። ልጇ ሦስት ቀን አተኩሶት ቤት ውስጥ ይዛው ተቀምጣለች። ለምን አልወሰድሽውም ብላት ከመሳቢያ አንድ ደብዳቤ አወጣች። ከቢቱአህ ሌኡሚ የመጣ የክፍያ ደብዳቤ ነው። «ዕዳ አለብን መሰለኝ፣ ያባርሩናል ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። ያንኑ ዕለት ሄድን፤ ልጁም ታከመ፤ ስለ ዕዳ የጠየቃት ማንም የለም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣችኝ እርስዋ ነች። ስለዚህ የሚከተለውን አድርጉ።

1. ለእያንዳንዱ ልጅ ካርድ መኖሩን አረጋግጡ። ከእናንተ ጋር የመጡት ልጆች ሁሉ መመዝገባቸውን በቴውዳት ዜሁት አባሪው ላይ ካለው ስም ጋር እያስተያያችሁ ተመልከቱ። አንድ ስም ጎድሎ ከሆነ ዛሬውኑ ሂዱ።

2. ከቢቱአህ ሌኡሚ የመጣ ደብዳቤ አትጣሉ፣ አትፍሩትም። አዲስ ገቢ ሥራ እስኪይዝ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከመዋጮ ነፃ የሚሆንበት ደንብ አለ። ደብዳቤውን ይዛችሁ ከማኅበራችን ወይም ከምስራድ ሃክሊታ ጠይቁ።

3. መሠረታዊው መድንና «ማሽሊም» የሚባለው ተጨማሪ መድን ለየብቻ ናቸው። ማሽሊም በፈቃድ የሚገባበትና በየወሩ የሚከፈልበት ነው። ሊጠቅም ይችላል፤ ነገር ግን እርሱን ባትገቡም የሕጉ መብት አይጎድልባችሁም። ሳይገባችሁ አትፈርሙ።

4. ከቢቱአህ ሌኡሚ የገቢ ድጎማ የምታገኙ ከሆነ ለስፔሻሊስት ሐኪም ከሚከፈለው ክፍያ ነፃ ናችሁ። ተጠይቃችሁ ከሆነ ንገሩን።

5. ኩፓት ሆሊም መለወጥ ይቻላል። በ12 ወር ውስጥ እስከ ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል። ነገር ግን ጎረቤት ስለለወጠ ብቻ አትለውጡ፤ በአቅራቢያችሁ የልጆች ሐኪምና አማርኛ የሚናገር ሰው የት እንዳለ አስቀድማችሁ እዩ።

6. መብታችሁ ከተነካ በጤና ሚኒስቴር ውስጥ በዚሁ ሕግ መሠረት የተቋቋመ የአቤቱታ ክፍል አለ። በ*5400 በአማርኛ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ውድ ወገኖቻችን፣ በ1911 ያዋጡት እነዚያ 150 ሠራተኞች ለራሳቸው ጓደኛ ነበር ያዋጡት። በ1994 ክኔሴቱ ሕጉን ሲያጸድቅ ያ መዋጮ የነዋሪው ሁሉ ሆነ። ዛሬ እናንተ ሥራ ይዛችሁ ከደሞዛችሁ የምትቆረጠዋ ሳንቲም ነገ ለሚመጣው ቤተሰብ ልጅ ትደርሳለች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይሉ የለ?

በሰፈራችሁ ያልተመዘገበ ልጅ ካያችሁ፣ ወይም ደብዳቤ ፈርቶ የተቀመጠ ቤተሰብ ካለ፣ እጁን ይዛችሁ ወደ ማኅበራችን ቢሮ አምጡት። አብረን እንሄዳለን።

ጤናውን ይስጥልን።